ደሳለኝን ፍለጋ ወደ ስማዳ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ዋሽንተኛችንን ደሳለኝን ከስማዳ ይዤ ለመመለስ ነበር የሄድኩት።

እኔ ሳክስፎን ነፊ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር አንድ አልበም ስንሠራ ዓመታት አልፈዋል። ፒያኖ የምትጫወተው ማርታ እዚሁ አዲስ አበባ ናት። ኮራ የሚባለውን ባለ ብዙ ክር የምዕራብ አፍሪካ መሣሪያ የሚመታልን ሰው ባማኮ ይኖራል፤ ከበሮው ደግሞ ከካምፓላ ተቀድቶ ይላክልናል። ጃዙ ከአፍሪካ የቆዩ ዜማዎች ሥር እንዲነሣ ነበር ሐሳባችን። ለእኔ ሥሩ የደሳለኝ ዋሽንት ነበር።

ደሳለኝ ወደ ከተማ የመጣው ለቀን ሥራ ነው። ከቤቴ አጠገብ በሚሠራ ፎቅ ላይ አሸዋ ሲያመላልስ ይውልና በምሳ ሰዓት ዋሽንቱን ያወጣ ነበር። አንድ ቀን ሳክስፎኔን ይዤ ወጣሁና ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ ግቢዬ ውስጥ ካለችው ትርፍ ክፍል ገባ፤ የአልበሙንም ግማሽ አብረን ቀዳን። ለቀሪው ግማሽ ግን የእሱ ዋሽንቶች ከሳክስፎኔ ድምፅ እየቀጠኑ አስቸገሩን። «ረጅም ዋሽንት ያስፈልገናል ጋሼ» አለኝ። ክረምት ሳይገባ ወላጆቹን አይቶ እንደሚመለስ ነግሮኝ ሄደ። ከዚያ በግጭቱ ምክንያት መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። መንገዱ ከፈት ማለቱን ስሰማ ሳክስፎኔን፣ ትንሿን መቅረጫና እስከዚያ የቀዳነውን ሥራ ይዤ ተነሣሁ።

ከባሕር ዳር ወደ ንፋስ መውጫ

የጠየቅኳቸው ሁሉ በመኪና መሄዱን ስለከለከሉኝ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄድኩ። በማግስቱ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ዋጋው ከታሪፉ እጥፍ ነው፤ የሚከራከር ሰው ግን አላየሁም። ረዳቱ «ነዳጅ ከጥቁር ገበያ ነው የምንገዛው» አለ፤ ሁሉም ከፈለ።

ደብረ ታቦር መኪና ቀይረን በጉና ሥር አለፍን። ገብሱ ታጭዷል፤ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ፤ ገለባው በነፋስ እየተነሣ ከመንገዱ ድረስ ይመጣል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ሴት ቆሎ ዘገኑልኝ። «ወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ። ስማዳ ስላቸው አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ከንፋስ መውጫ በፊት ፍተሻ ላይ አስወረዱን። የሳክስፎኔን ሣጥን ያየው ፈታሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ መሣሪያውን አስተካከለ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የሙዚቃ መሣሪያ ነው።»

«ክፈተው። ከዚያ ራቅ ብለህ ቁም።»

ከፈትኩት። ጎንበስ ብሎ ሲያየው ቆየና «ከሆነ ንፋው» አለኝ። በሕይወቴ ብዙ መድረክ ላይ ቆሜአለሁ፤ ያን ቀን ግን ከንፈሬ ደርቆ የመጀመሪያው ድምፅ ተሰበረብኝ። እንደ ምንም አንድ የትዝታ ሐረግ ወጣልኝ። ተሳፋሪው መሬት መሬቱን ያያል። ከፈታሾቹ አንዱ ፈገግ ሊል ሲል የጓደኛውን ፊት አየና ተወው። «በቃ፣ በቃ፤ ዝጋው» አሉኝ። መኪናው ውስጥ ስንመለስ ባለ ቆሎዋ ሴት በቀስታ «እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ አትዙር ልጄ» አሉኝ።

ንፋስ መውጫ ስሟን አላሳፈረችም፤ ነፋሱ የሱቆቹን ሸራ ያርገበግበዋል፤ ባጃጆቹ አቧራ ለብሰዋል። አልጋ ያዝኩና በርበሬ የበዛበት የድንች ወጥ በላሁ። ማታ የደሳለኝን ስልክ ሞከርኩ። አሁንም ዝግ ነው።

አርብ ገበያ

አርብ ገበያ የደረስኩት በዕለተ አርብ ነው። ገበሬው ገብሱንና ባቄላውን በአህያ ጭኖ ከየአቅጣጫው ይገባል። የደሳለኝ አጎት አቶ እንየው እዚያ የእህልና የጨው ሱቅ አላቸው። ደሳለኝ ስለሳቸው ብዙ ጊዜ ስላወራኝ ሱቁን ለማግኘት አልተቸገርኩም።

ስሜን ስነግራቸው ከመዘኑት ጨው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ዮናስ? ያ ሳክስፎን የሚነፋው?»

«አዎ። ደሳለኝን ልወስደው መጥቼ ነው። ደህና ነው?»

«ግባ እስኪ። መጀመሪያ ቁጭ በል፤ እህል ቅመስ» አሉኝ።

ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ሚስታቸው ሽሮ አቀረቡልኝ። ጥቁር ለብሰዋል። ከደብረ ታቦር ጀምሮ በየመንደሩ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ስላየሁ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ስለ ደሳለኝ ደግሜ ስጠይቅ አቶ እንየው እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «አብረን እንሄዳለን። ነገ እኔ አደርስሃለሁ» አሉ። በገበያ ቀን ሱቃቸውን በጊዜ ዘጉ። እንግዳ አክባሪነት ነው ብዬ አመሰገንኳቸው።

ስማዳ

በማግስቱ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍረን ወደ ስማዳ ከተማ ወደ ወገዳ ሄድን። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አንዳንዱ ቦታ በጎርፍ ተበልቶ መኪናው በአንድ ጎኑ ይንጋደዳል። ከወገዳ በእግር ቀጠልን። ሳክስፎኔን አቶ እንየው ተሸከሙልኝ፤ እምቢ ብል አልሰማ አሉ። መንገድ ላይ የሚያገኙን ሰዎች እሳቸውን ሰላም ይሉና እኔን ቀና ብለው ያዩኛል። አቶ እንየው በጆሯቸው አንድ ነገር ሹክ ሲሏቸው ዝም ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን በልቤ ደሳለኝ ሲያየኝ የሚለውን እያሰብኩ ነበር።

መንደሩ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃለች። አቶ እንየው ወደ ደሳለኝ ቤት አልወሰዱኝም። «መሽቷል፤ ዛሬ ከነፍስ አባታችን ቤት እንደር» አሉ። ቄሱ እግሬን አሳጥበው፣ ጠላ አስቀድተው፣ ስለ አዲስ አበባ አየር ጠየቁኝ። ስለ ደሳለኝ አንድም ቃል አልተነሣም። ያኔ ገባኝ መሰለኝ፤ ግን መግባቱን አልፈቀድኩለትም።

ጎህ ሲቀድ የሰው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ግቢው ሞልቷል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ ሴቶቹ በአጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ቄሱ እጄን ይዘው ወደ መሐል አወጡኝ።

«ልጄ፣ ከሩቅ አገር መጥተሃል። እንግዲህ ከእግዚአብሔር የሚያመልጥ የለም። ወንድምህ ደሳለኝ አርፏል። በጥቅምት ቀበርነው። ያጥናህ» አሉ።

ሴቶቹ ለቅሶውን ጀመሩት። የሰማንያ ቀኑ ተዝካር ወጥቶ እንባቸውን ጠርገው ሥራ የጀመሩ ሰዎች ለእኔ ብለው እንደ አዲስ አለቀሱ። የማላውቃቸው ሰዎች ደግፈው አስቀመጡኝ። ትንሽ ስረጋጋ አቶ እንየውን «ትናንት ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። ቁጣም ነበረብኝ።

«መርዶ በመንገድ አይነገርም» አሉኝ። «ሰው ሲወድቅ የሚያነሣው ሰው ያስፈልገዋል። ገበያ መሐል ነግሬህ ማን ያነሣህ ነበር?»

ከዚያ ወደ ደሳለኝ ቤት ወሰዱኝ። አባቱ አቶ ፈንታ ረጅምና ቀጭን፣ ፂማቸው የሸበተ ገበሬ ናቸው። እናቱ ወይዘሮ የሺ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። ሁለቱም አቅፈው ሳሙኝ፤ እናቱ ትከሻዬ ላይ ብዙ ቆዩ። ሰው ወጥቶ ሲያልቅ አቶ ፈንታ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ የሆነውን ነገሩኝ።

«ክረምቱን ከእኔ ጋር አረሰ። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል ወደ ቆላ ልውረድ አለ። ምን ልትሠራ ብለው፣ ሸምበቆ ልቆርጥ ነው አለኝ። እዚህ ያለው አጭር ነው፤ ወንዙ ዳር ያለው ነው ረጅሙ፤ ለአዲስ አበባው ሥራ ረጅም ያስፈልጋል አለኝ። ሸምበቆውን ይዞ መጣ። ሳምንት ሳይሞላው ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ተኛ።»

ወባ ነበር። ጤና ጣቢያው መድኃኒት አልቆበታል። መንገዱ ተዘግቶ ነበርና መኪና አልተገኘም። የመንደሩ ጎበዛዝት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሆስፒታል አቅጣጫ ሄዱ። ዳገቱን ሲጨርሱ ሊያሳርፉት ወረድ አደረጉት፤ አልተነሣም።

«በክኒን ይድን ነበር አሉን» አሉ አቶ ፈንታ። «በክኒን።»

ቀና ብለው የቤቱን ማገር አሳዩኝ። ሸምበቆዎቹ እዚያ ታስረው ተንጠልጥለዋል፤ ጭሱ አጥቁሯቸዋል። «ይኸውልህ። አልጣልሁት፣ አላነደድሁት። የማደርገውን አላውቅም።»

«ረጅም ዋሽንት ያስፈልገናል» ሲለኝ እኔ የመሰለኝ ከሱቅ የሚገዛ ነገር ነበር። ላጽናና ብዬ ይሁን ራሴን ላጽናና አላውቅም፣ የደሳለኝ ሥራ በእጄ እንዳለ ነገርኳቸው። አልበሙ በስሙ እንደሚወጣ፣ በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች እንደሚሰሙት፣ የድርሻውም ገቢ ለእነሱ እንደሚደርስ አስረዳሁ። እናቱ ቀና አሉ።

አቶ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም።»

«አባቴ፣ መታሰቢያው ይሆን ነበር።»

«በሕይወት ሳለ የራሱ ፈቃድ ነበር። አልከለከልሁትም። አሁን ልጄ አፈር ነው። በትንፋሹ ሰው ሲጨፍርበት አልፈልግም።»

«ጭፈራ አይደለም አባቴ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ሰው ሲጠይቀኝ ስለዚያ አልበም ለሰዓት ማውራት እችላለሁ። ስለ ሥር፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ አህጉር ብዙ ብያለሁ። እዚያ መደብ ላይ ተቀምጬ ግን ለአቶ ፈንታ የሚሆን አንድ ዐረፍተ ነገር አጣሁ።

«እሺ» አልኳቸው። «አይወጣም።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ወደ መቃብሩ ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ በጥድና በወይራ የተከበበ ነው። የደሳለኝ መቃብር ላይ ድንጋይ ተከምሯል፤ በዙሪያው ሌሎች አዳዲስ መቃብሮች አሉ፤ አፈራቸው ገና ቀይ ነው። ሳክስፎኔን ይዤ ነበር። ቄሱን በዓይኔ ስጠይቃቸው «ባይሆን ይሻላል፤ ብዙ ሰው ሐዘን ላይ ነው» አሉኝ። ሣጥኑን ሳልከፍተው ተመለስኩ።

ስሰናበት ወይዘሮ የሺ እስከ መንደሩ ዳር ሸኙኝ። ከሰው ፈንጠር ስንል ቆሙ።

«ድምፁ አለ?» አሉኝ።

«አለ እናቴ።»

«አሁን እዚያ ውስጥ?» ቦርሳዬን በዓይናቸው አሳዩኝ።

«አዎ። ላሰማዎት?»

ወደ ቤታቸው ዞር ብለው አዩ። አቶ ፈንታ በር ላይ ቆመዋል። «እሱ ፊት አይሆንም። የስልክ ቁጥርህን ለእንየው ስጠው» አሉና ተመለሱ።

እስቴ

መመለሻዬ በእስቴ በኩል ሆነ። ወደ ንፋስ መውጫ የሚወስደው መንገድ እንደገና ተዘግቷል ስለተባለ ከወገዳ ወደ እስቴ ከተማ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ መኪና አገኘሁ። ከአዲስ አበባ ስነሣ ማርታ፣ ምናልባት ደሳለኝ መምጣት ባይችል ብላ፣ መካነ ኢየሱስ ያለ ጌጡ የሚባል የማሲንቆ ተጫዋች አድራሻ ሰጥታኝ ነበር። ሰው ልተካ አልነበረም የፈለግኩት፤ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ እስኪሞላ ድረስ ብቻዬን መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው።

ጌጡን መናኸሪያው አጠገብ ልባሽ ጨርቅ ሲሸጥ አገኘሁት። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ሻይ አዘዝን። የአንባሻውን ትልቁን ቁራሽ ለእኔ አደረገው። ደሳለኝን በስም ያውቀው ነበር፤ መሞቱን አልሰማም። ስነግረው ብርጭቆውን አስቀምጦ አማተበ።

«አንተስ ትጫወታለህ?» አልኩት።

«የት?»

«ጥር አይደል? የሰርግ ወር ነው።»

«ሰርግማ አለ» አለ ጌጡ። «ባለፈው እሑድ ተጠርቼ ነበር። ማሲንቆህን ቤት አስቀምጠህ መጥተህ ብላ አሉኝ። ሙሽራው ወንድሙን ቀብሯል፤ ጎረቤቱ ልጁን ቀብሯል። ማን ለማን ይዘፍናል? ሄጄ በላሁና እጄን ታጥቤ መጣሁ።»

አልበሙን ነገርኩት። በደህና ቀን ቢሆን ዓይኑ ይበራ ነበር ብዬ አስባለሁ። «መልካም ነው» ብቻ አለ። ከዚያ ኮት የሚያገላብጥ ገበያተኛ መጣበትና ተነሣ። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት ሳየው ሸሚዝ እያራገፈ ያነጥፍ ነበር።

አዲስ አበባ

ማርታ ቤቴ መጣች፤ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች።

«ከእሱ የቀረው ይኸ ብቻ ነው ዮናስ። ይኸን ደብቀን ስናስቀምጥ ሁለተኛ መቅበራችን አይደለም?»

«ቃል ገብቻለሁ።»

«አባቱ አልሰሙትም እኮ። ሳይሰሙ ነው የከለከሉት።»

«የእሳቸው ልጅ ነው ማርታ» አልኳት። እሷም ትክክል ትሆናለች።

የደሳለኝን ድምፅ አውጥተን አልበሙን ለማዳን ሞከርን። ባማኮ ያለው ወዳጃችን አዲስ የኮራ ቅጂ ላከ፤ እኔም የዋሽንቱን ቦታ በሳክስፎን ሞላሁት። ማርታ እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ የፒያኖውን ክዳን ዘጋችው። ሥራው ቆሟል፤ የሚቀጥልም አይመስለኝም።

ሙዚቃ ሰውን ያገናኛል ስል ነው የኖርኩት፤ በቃለ መጠይቅ ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ። ከባማኮ የተላከ ድምፅ በአንድ ጀንበር ቤቴ ይገባል። ለደሳለኝ ክኒኑ ከከተማ እስከ መንደሩ አልደረሰለትም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸንን ነው፤ ባልማረው ደስ ይለኝ ነበር።

በመጋቢት አንድ ቀን ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አቶ እንየው ነበሩ። «የሺ አርብ ገበያ መጥታለች፤ ለገበያ ብላ ነው የወጣች። ከሱቁ ጓዳ ነን» አሉና ስልኩን ሰጧቸው።

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ የሺ። «እስኪ አሰማኝ።»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁ። ከቀዳናቸው ሁሉ የሚያምረውን መረጥኩ። ደሳለኝ መጫወት ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን ጠርጎ «ጋሼ፣ ልጀምር?» የሚልበት አለ፤ ልንቆርጠው አስበን ያልቆረጥነው። ከዚያ ዋሽንቱ ገባ። ቆላው፣ ወንዙ፣ ዳገቱ ሁሉ ያለበት ይመስለኝ የነበረ ዜማ ነው። በሌላኛው ጫፍ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል።

«እናቴ፣ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል። ዋሽንቱን ተወው ልጄ» አሉኝ። «ያችን ቃሉን መልሳት።»

ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ጋሼ፣ ልጀምር?» አለ። ዋሽንቱ ሳይገባ አቆምኩት።

«ድገማት» አሉ።

ደገምኳት። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ እየመለስኩ አሰማኋቸው። ስደውልላቸው ስልኩ አይሠራም ነበር።